ከቫዮሊን እስከ ኪቦርድ፦ የካርቱም ሰርግ ድምፅ

በካርቱም እህት ከተማ በኦምዱርማን ሰርግ መንገድ ይዘጋል። ድንኳኑ ከደጃፍ አልፎ ጎዳናውን ይይዛል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ከ2023ቱ የሱዳን ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በእንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ የሚታየው ሙዚቀኛ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፦ አንድ ዘፋኝ፣ ምት የሚይዝ ሰውና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች። በ1970ዎቹ ግን ስም ያለው ዘፋኝ ሲነሳ ከጀርባው በረድፍ የተቀመጡ ቫዮሊኖች፣ አኮርዲዮን፣ ቤዝ ጊታርና ከበሮዎች አብረው ይነሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ሁሉ ሰው እንዴት በአንድ ሳጥን ተተካ? የመልሱን ግማሽ ፖለቲካው ይዞታል። ሌላው ግማሽ ያለው ድምፅ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። ሲንተሳይዘር የሚባለው መሣሪያ ቫዮሊንን ለመምሰል የሚነሳበት ጥሬ ዕቃ ቫዮሊኑ ራሱ ከሚነሳበት ጋር በጣም የተቀራረበ ነው፤ የካርቱም ጆሮ ወራሹን ቶሎ የተቀበለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

የከተማይቱ ዘመናዊ ዘፈን ሲጀመር መሣሪያ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረውም። በ1920ዎቹ ኦምዱርማን ውስጥ የበለጸገውና በኋላ «ሐቂባ» የተባለው አዘፋፈን በዘፋኙ፣ በተቀባዮቹ፣ በጭብጨባና በሪቅ ላይ የቆመ ነበር። ሪቅ ትንሽ፣ ጠርዙ ላይ ቃጭል ያለበት የእጅ ከበሮ ነው። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሱዳን ዘፋኞች ወደ ካይሮ እየሄዱ በሸክላ ማስቀረጽ ጀመሩ። በ1940 ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የኦምዱርማንን ሬዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ዓላማው የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ የተረፈው ውጤት ግን ለሙዚቃ ሆነ። ሬዲዮው ቋሚ አጃቢ ፈለገ፣ አጃቢው ቫዮሊን ፈለገ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የቫዮሊን ረድፍ የሱዳን ዘፈን መታወቂያ ሆነ።

በ1957 ወደዚህ ጣቢያ የመጣው መሐመድ ዋርዲ የለውጡን መንገድ በራሱ ሕይወት ያሳያል። በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ የተወለደ፣ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያ መሣሪያው ባለ አምስት ክሩ ታምቡር ሲሆን፣ ያም ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይቶት «ክራር ነው» የሚለው ዓይነት ነው። ኦምዱርማን ሲደርስ ያ የአምስት ክር ዜማ ትልቅ ኦርኬስትራ ተሰጠው። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው የሚቆመው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ስለሆነ የአዲስ አበባና የጎንደር አድማጭም ሳይተረጎምለት ይገባዋል። ዋርዲ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት በአልበም ታትሟል።

አሁን ወደ ክሩ እንመለስ፤ ጉዳዩ ከዚያ ይጀምራልና።

አንድ የታምቡር ወይም የክራር ክር በሰከንድ 220 ጊዜ እየተርገበገበ ነው እንበል። ጆሮ አንድ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ክሩ በሙሉ ርዝመቱ ሲርገበገብ፣ ለሁለት ተከፍሎም፣ ለሦስት ተከፍሎም፣ ለአራት ተከፍሎም በአንድ ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህ ከ220 ኸርዝ ጋር 440፣ 660፣ 880፣ 1100 እያለ የሚቀጥል መሰላል አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው መሠረታዊው ድምፅ ነው፤ የዜማውን ስም የሚሰጠው እሱ ነው። ከላይ ያሉት ሃርሞኒክስ ይባላሉ። ክራርን ከዋሽንት፣ ዋሽንትን ከሰው ድምፅ የምንለየው በአመዛኙ እነዚህ ሃርሞኒክሶች ምን ያህል እንደሚበረቱና በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጡ በመስማት ነው።

ፈረንሳዊው ዦሴፍ ፉርየ ተደጋጋሚ ሞገድ ሁሉ የቀላል ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል በ1822 ባሳተመው መጽሐፉ አሳየ፤ የሚያጠናው ግን ሙዚቃን ሳይሆን ሙቀትን ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በ1863 ይህን ሐሳብ ወደ ጆሮ አመጣው። በደጋን የሚገዘገዝን ክር ሲመረምርም አንድ ነገር አገኘ። የደጋኑ ጭራ ክሩን ይዞ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፣ ከዚያ ክሩ ያመልጥና ወደኋላ ይወረወራል፣ እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ክሩ በድልድዩ ላይ የሚያሳድረው ግፊት በወረቀት ላይ ቢሳል የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፦ ዘንበል ብሎ ይወጣል፣ በድንገት ይወድቃል። ለቫዮሊንም ለማሲንቆም ሥራው አንድ ነው።

የመጋዝ ጥርስ ሞገድ በሃርሞኒክስ ሀብታም ነው። ሁሉንም ይዟል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶውን፣ አራተኛው ሩቡን ያህል ይበረታል። አራት ማዕዘን ሞገድ ከዚህ ይለያል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ይይዛል፤ በ220 ቢጀመር 660፣ 1100፣ 1540 ይሰማሉ፣ 440ና 880 አይኖሩም። በዚህ ምክንያት ድምፁ ወደ ክላሪኔት የሚያደላ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዓይነት ነው። ሦስት ማዕዘን ሞገድም ጎዶሎዎቹን ይይዛል፤ ነገር ግን ሦስተኛው ወደ አንድ ዘጠነኛ፣ አምስተኛው ወደ አንድ ሃያ አምስተኛ ስለሚወርዱ ለስላሳ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ በ1964 በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚታዘዙ የድምፅ ክፍሎችን ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ የተጠቀመው በእነዚሁ ሞገዶች ነው። ኦሲሌተር የተባለው ክፍል የመጋዝ ጥርሱን ወይም አራት ማዕዘኑን ያመነጫል። የሚወጣው ድምፅ ጥሬ ነው፤ ንብ እንደገባበት ቆርቆሮ ይጮኻል። ከዚያ ፊልተሩ ይመጣና የማይፈለገውን ይቀንሳል። ዘዴው በመቀነስ ድምፅ መሥራት ይባላል፤ ሁሉንም ሃርሞኒክስ ይዞ ተነስቶ እያነሱ መሄድ ነው። ሞግ ትራንዚስተሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የደረደረበት የፊልተር ንድፍ በ1969 የፈጠራ መብት አገኘ። በ1970 የወጣው ሚኒሞግ ደግሞ ኦሲሌተሩንና ፊልተሩን ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ሊያዝ በሚችል ሳጥን ውስጥ አደረገ።

ፊልተር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ኦምዱርማን ውስጥ ከሰርጉ ድንኳን ሁለት ግድግዳ ርቆ የተኛ ጎረቤት ሌሊቱን የሚሰማው ቤዙንና የከበሮውን ጉምጉምታ ነው። የዘፋኙ ቃላት፣ የሪቁ ቃጭልና የቫዮሊኑ ጫፍ አይደርሱትም። ግድግዳው ዝቅተኛውን ድምፅ ያሳልፋል፣ ከፍተኛውን ያስቀራል። በሙያው ቋንቋ ይህ ሎው ፓስ ፊልተር ነው፤ በሲንተሳይዘር ላይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ተቃራኒው ሃይ ፓስ ይባላል፤ ወፍራሙን አስቀርቶ ቀጭኑን ያሳልፋል። ባንድ ፓስ ሁለቱንም ጫፎች ቆርጦ መካከለኛውን ብቻ ይተዋል፤ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የኦምዱርማንን ኦርኬስትራ ለገጠር የሚያደርሰው በዚህ መልክ ነበር።

ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው ቁልፍ መቁረጫው ወይም ካትኦፍ ነው፤ ቅነሳው ከየትኛው ድግግሞሽ እንደሚጀምር ይወስናል። ፊልተሩ ግን ከድንበሩ ወዲህ ያለውን ሁሉ አሳልፎ ከወዲያ ያለውን ሁሉ አይዘጋም፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላ እንደ ቁልቁለት እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በሞግ ፊልተር ቁልቁለቱ በየኦክታቩ፣ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ 24 ዴሲቤል ነው። መቁረጫው 500 ኸርዝ ላይ ቢቆም 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ሃርሞኒክ የሞገዱ ከፍታ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ 2000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወደ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስተኛ ይጠጋል። በ220 የጀመረው ክራራችን 220ና 440ን ይዞ ይቀራል፤ 660 ደከም ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ይደበዝዛሉ። ዜማው አልተለወጠም፣ መልኩ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ሬዞናንስ ነው። ከፊልተሩ የወጣው ድምፅ በከፊል ተመልሶ ወደ ውስጥ ሲገባ ልክ መቁረጫው ያለበት ቦታ ላይ ያለው ሃርሞኒክ ከሌሎቹ በላይ ይጎላል። መቁረጫው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ሃርሞኒክሶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ይሰማሉ፤ አፍ ከ«ኡ» ወደ «ኢ» ሲከፈት የሚሰማው ለውጥ መነሻው ተመሳሳይ ነው፣ የአፍ ዋሻም ፊልተር ነውና። ሦስተኛው ኤንቨሎፕ የሚባለው ነው፤ ፊልተሩ በምን ፍጥነት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ይቆጣጠራል። ቶሎ ተከፍቶ ቶሎ ሲዘጋ በጣት የተነካ ክር ይመስላል። ቀስ ብሎ ሲከፈት ደጋን ይመስላል።

ከዚህ በኋላ የቫዮሊኑ ረድፍ ምስጢር ሩቅ አይደለም። ሁለት የመጋዝ ጥርስ ሞገዶች ይወሰዳሉ፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እንዲዛነፍ ይደረጋል፣ ምክንያቱም አብረው የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ቅንጣት የማይዛነፍ አንድ ድምፅ ስለማያወጡ ነው። ፊልተሩ በከፊል ይዘጋል፤ የቫዮሊን የእንጨት ሣጥንም አንዳንዱን ድግግሞሽ አጉልቶ ሌላውን የሚያዳክም ፊልተር ነው። አጀማመሩ ይዘገያል። በ1982 እንደወጣው ሮላንድ ጁኖ 60 ባሉ መሣሪያዎች ላይ ኮረስ የተባለው ክፍል ሲጨመርበት አንድ እጅ ብዙ ቫዮሊን ያንቀሳቅሳል። ትክክለኛ ቫዮሊን እንዳልሆነ ማንም ይለየዋል። የዘፋኙን መስመር የሚመልሰውን የኦርኬስትራ ቦታ ለመሙላት ግን ይበቃል።

በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7ን ሲያወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ይህ መሣሪያ ሎው ፓስ ፊልተር የለውም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ በ1967 ባገኘው ዘዴ አንድ ንጹሕ ሞገድ ሌላውን እያናወጠ ሃርሞኒክስ ይወልዳል። ከመቀነስ ይልቅ ማብዛት ነው። ድምፁ የሚያብረቀርቅ፣ ወደ ደወልና ወደ ኤሌክትሪክ ፒያኖ የሚያደላ ሲሆን በ1980ዎቹ መላውን ዓለም አዳረሰ።

በዚያው በ1983 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የመስከረም ሕጎች የተባሉትን የሸሪዓ ድንጋጌዎች አወጀ። በሰኔ 1989 ዑመር አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ ካርቱም በሰዓት እላፊ ሥር ገባች፣ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። ዋርዲ አገሩን ለቆ እስከ 2002 ድረስ በስደት ኖረ። በኅዳር 1994 ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ሞተ፤ አብዱልቃድር ሳሊም ቆሰለ። የ1996ቱ የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለግል ድግስ ሙዚቃ ፈቃድ ጠየቀ፣ ወንድና ሴት አብረው እንዳይጨፍሩ ከለከለ፣ ዘፈኑንም ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገታው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ሸክም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ይከፈላል፣ መኪና ይፈለጋል፣ አንድ ሰዓት በልምምድና በመቃኘት ይሄዳል፤ ፈቃዱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። ኪቦርዱ ግን በአንድ ሰው ክንድ ሥር ይመጣል፣ ሶኬት ያገኛል፣ ወዲያው ይጀምራል። ምቱን ራሱ ያወጣል፣ ቤዙን በግራ እጅ፣ ቫዮሊኖቹን በቀኝ ይይዛል። መንግሥት ኪቦርድን ይግባ ብሎ አላወጀም። ኦርኬስትራን ውድና አስቸጋሪ ያደረገው ሁኔታ ኪቦርድን አዋጭ አደረገው።

ኢትዮጵያውያንም በተመሳሳይ ጎዳና አልፈዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ባወጣው አልበም ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አጣምሮ ብቻውን ባንድ ሆነ። ከ1991 በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ የካሴት ዘፈን በብዛት በኪቦርድ መቀናበር ጀመረ፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ ድምፅ በጣት ተጫነ። ያን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ የኦምዱርማንን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ካርቱም የደረሱት ኪቦርዶች በአብዛኛው ሞግ ወይም ጁኖ አልነበሩም። ምት አብሮ የሚጫወትላቸው፣ ድምፃቸው ተቀርጾ የገባላቸው የያማሃ፣ የሮላንድና የኮርግ ሥራዎች ነበሩ። በእነዚህ ላይ ፊልተሩ ከፊት አይታይም፤ ከተዘጋጀው ድምፅ ጀርባ ይቀመጣል። ያማሃ በ1994 ባወጣው ኤክስጂ በተባለው ደንብ መቁረጫው «ብሩህነት»፣ ሬዞናንሱ «የሃርሞኒክ ይዘት» በሚል ስም በቁጥር 74ና 71 መቆጣጠሪያዎች ላይ ተመደቡ። ሰርግ የሚያጅብ ሰው የፉርየን ስም ሳያውቅ ብሩህነቱን ከፍ ያደርጋል፤ በሜዳ ላይ፣ በጭብጨባና በእልልታ መካከል፣ ዜማው ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ የሚያስፈልጉት ከፍ ያሉት ሃርሞኒክሶች ናቸውና።

ፋብሪካው ያዘጋጀው ምትና ቅኝት ግን የሱዳን አልነበረም። ለአረብ ገበያ የተሠሩት ሞዴሎች ትልቁ ጉዳያቸው የካይሮና የቤይሩት ዜማ የሚፈልገው ሩብ ድምፅ ነው። የሱዳን አምስት ድምፅ ቅኝት ያን አይጠይቅም፤ በአምስተኛ እርከን አራት ጊዜ እየዘለሉ ቢሄዱ፣ ማለትም ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከዚያ ወደ ላ፣ ከዚያም ወደ ሚ፣ አምስቱም ይገኛሉ፤ የእኛ ትዝታ ሜጀርም የሚቆመው በእነዚሁ ላይ ነው። አምስተኛው እርከን ራሱ ከሃርሞኒክስ የመጣ ነው፤ ከ440 ወደ 660 ያለው ርቀት እሱ ነው። ለካርቱም የጎደለው እንግዲህ ምቱና የድምፁ ጠባይ ነበር። ይህን የሞሉት የኦምዱርማን ገበያ ቴክኒሻኖች ናቸው፤ ኪቦርዱን እየከፈቱ ለሱዳን ምትና ዜማ አመቻቹት።

የዚህ ሥራ ውጤት በዓለም የታወቀው ጃንትራ በተባለ ተጫዋች በኩል ነው። ጃንትራ የመጣው ከአል ፋሽጋ፣ ኢትዮጵያና ሱዳን ከሚወዛገቡበት የገዳሪፍ ለም መሬት ነው። ኦስቲናቶ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ በ2023 አልበሙን ሲያወጣ እንደተረከው፣ ሰውየው በያማሃ ኪቦርዱ ላይ ዜማዎቹን እንደ ተሰብሳቢው ስሜት እያቀጣጠለ ያለ ዕረፍት ይጫወታል፤ አጨዋወቱም «ጃግላራ» ይባላል። እሱ በሚጫወትበት ድንኳን ውስጥ የሚዘፍን ሰው እንኳ የለም። ኪቦርዱ የቫዮሊኑን ብቻ ሳይሆን የዘፋኙንም ቦታ ይዟል።

ይኸው አሳታሚ በ2018 ያወጣው «ቱ ናይልስ ቱ ሲንግ ኤ ሜሎዲ» የተባለው ስብስብ ደግሞ ዋርዲን፣ ኾጃሊ ዑስማንን፣ ዘይዳን ኢብራሂምን፣ ሰይድ ኸሊፋንና ሐናን ቡሉቡሉን በአንድ ላይ አምጥቷል። ንዑስ ርዕሱ ቫዮሊንና ሲንተሳይዘርን አብሮ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ እንዴት ጎን ለጎን እንደኖሩ በጆሮ የሚከተል ሰው ለውጡ በአንድ ሌሊት እንዳልመጣ ይረዳል።

የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ በኅዳር 2019፣ አልበሽር ከወደቀ ከሰባት ወር በኋላ ተሻረ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ግን ካርቱምን ከሰርግ ድንኳን ጋር አፈናቀለ። የቫዮሊኖቹ ዘመን ቅጂዎች የሚገኙበት የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ግቢ እስከ መጋቢት 2024 ድረስ ከሠራዊቱ ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ቆየ፤ ከዚያ ሠራዊቱ መልሶ ያዘው። የተሰደዱት ሙዚቀኞች ካይሮ፣ ናይሮቢና አዲስ አበባ ገብተው እዚያም በሰርግና በምሽት ቤት ይጫወታሉ፤ ከእነሱ ጋር ለመሻገር የሚቀለውም ኪቦርዱ ነው።

ፊልተርን ሊማር የሚፈልግ ጀማሪ ከዚህ ታሪክ የሚጀምርበት ልምምድ ያገኛል። በማናቸውም ሲንተሳይዘር ወይም የስልክ መተግበሪያ ላይ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ይምረጥ፣ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ብቻ ቀለል ያለ ዜማ ይጫወት፣ መቁረጫውን እስከ ታች ዘግቶ ቀስ እያለ ይክፈተው። መጀመሪያ የሚሰማው ከግድግዳ ማዶ ያለው ጉምጉምታ ነው። በመሃል ድምፁ ክብና ለስላሳ ይሆናል፤ አጀማመሩ ከዘገየ የቫዮሊን ረድፍ እዚህ አካባቢ ይገኛል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሹሉ የኪቦርድ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ አንድ የዋርዲን የ1970ዎቹ ቅጂ፣ አንድ የጃንትራን ሥራ አከታትሎ ይስማ፤ መቁረጫውንም እያንቀሳቀሰ ለየትኛው የት ላይ ሲቆም እንደሚቀርብ ይፈልግ።